«አቧራ ነው» ላሉን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የአየር ጥራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎን እንዳይከረክርዎ፣ ደረትዎንም እንዳያፍንዎ ምኞቴ ነው፤ መቼም መስኮቱ የማይከፈት ቢሮና መስታወቱ የማይወርድ መኪና ተሰጥቶዎታልና ምኞቴ ከወዲሁ ተፈጽሟል።

እኔ በአውቶቡስ ማደሪያውና አሮጌ ባትሪ በሚያቀልጡት ሰዎች መካከል የምኖር ተማሪ ነኝ። ለትልልቅ ሰዎች ደብዳቤ ለመጻፍ ዕድሜዬ እንደማይፈቅድ ትልልቅ ሰዎች ነግረውኛል፤ ለማሳል ግን ማንም ዕድሜዬን ጠይቆኝ አያውቅም።

አንደኛ፤ ስለ መግለጫዎ አመሰግናለሁ። ወፊቱ የምንላት ታናሽ እህቴ ጋደም ማለት አቅቷት ተቀምጣ መተንፈስ በጀመረችበት ሰሞን፣ በሬዲዮ ቀርበው በአየራችን ላይ ያለው ብናኝ በአብዛኛው አቧራ መሆኑን፣ ነዋሪውም የየቤቱን ንጽሕና መጠበቅ እንዳለበት አብራርተውልናል። እናቴ ሰምታዎታለች። ትልቅ ሰው በሬዲዮ ሲናገር እሷን በስሟ የጠራት ይመስላታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንጣፉ ለጎረቤት ተሰጠ፣ መጋረጃው ወረደ፣ የወፊቱ የጨርቅ አሻንጉሊት እንኳ አቧራ ትይዛለች ተብላ ከቤት ተባረረች። እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ በገባሁ ቁጥር እንደ ወንጀለኛ እጠየቅ ነበር። ወፊቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ እኔንም ልትወለውዪኝ ነው እንዴ?» እያለች ታስቀን ነበር። የራሷ ሳቅ ግን ሁልጊዜ በሳል ያልቅ ነበር።

ሁለተኛ፤ ወፊቱን ከቀበርን በኋላ ክፍላችን መሥሪያ ቤትዎን እንዲጎበኝ ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። አየር የሚስበውን መሣሪያ ጓሮ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር አሳዩን። ውስጡ ያለው ነጭ ማጣሪያ ወረቀት ብናኙን ከያዘ በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ እንደሚላክ፣ እዚያም ምኑ አፈር፣ ምኑ የናፍጣ ጥላሸት፣ ምኑ ሰልፌት፣ ምኑ የባትሪ እርሳስ እንደሆነ እንደሚለይ የኬሚስትሪ መምህራችን አስቀድመው ነግረውን ስለነበር፣ ጠቁሮ እናየዋለን ብለን አንገታችንን አሰገግን። ወረቀቱ ከእኔ የፈተና ወረቀት ይበልጥ ባዶ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንዳያሳፍር በአዲስ እንደሚቀየር በኩራት ገለጹልን። የቀድሞው ወረቀት ወደ ቤተ ሙከራ ሄዶ እንደሆነ ብጠይቅዎ፣ «ልጄ፣ ቆሻሻ ምን ያደርግልናል? ተጥሏል» አሉኝ። ታዲያ አቧራ መሆኑ በምን ታወቀ ስልዎ፣ ጣትዎን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳልፈው አሳዩኝ። እውነትም ቡናማ ነበር። የክፍል አለቃችን አጨበጨበ።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ምስጋና አጠረኝ። ስንመለስ መምህራችን ቀስ ብለው እንዳስረዱን፣ ደፍ ላይ አርፎ በጣት የሚጠረገው ትልልቁ ነው፤ ደቃቁ በቀላሉ አያርፍም፣ ሳንባ እስኪያገኝ ይንሳፈፋል። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠርግ የኖረችው ሊጠረግ የሚችለውን ነበር። ወፊቱ የሳበችው ሌላውን ነው። ምን እንደነበር ግን ለእናቴ ልነግራት አልችልም፤ ወረቀቱ ተጥሏላ።

እናቴ ዛሬም ትጠርጋለች። ሊያጽናናት ለሚመጣ ሰው ሁሉ ከአልጋው ሥር አንድ ጥግ ዘንግታ እንደነበር ትናገራለች። አባቴ ተይ እንጂ ይላታል፤ ግን አባቴ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ አያውቅም።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። መሣሪያውን ወደ ሰፈራችን ያምጡልን አልልም፤ ዛፎቹ ይናፍቁታል። በዚያው ሬዲዮ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሳንመረምር ነው የተናገርነው ይበሉልኝ። እናቴ እርስዎን ታምናለች።

ትንፋሹን በቁጠባ የሚጠቀም፣ ሳንባውም በክቡርነትዎ ሥር የሚተዳደር ታዛዥ ልጅዎ፣
ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ጨርቅ ወፊቱ ደጅ ስትወጣ አፍና አፍንጫዋን እንሸፍንበት የነበረው ነው። ቀለሙ ነጭ ነበር፤ ይህን በእኔ ቃል ይቀበሉ። ከእናቴ እጅ ሰርቄ ያወጣሁት ልታጥበው ስትል ነውና፣ ቤተ ሙከራ እስኪደርስ ድረስ እንግዳ ቢመጣብዎት እንኳ እባክዎ አይጠቡት።