ሦስት ጊዜ ያልተጠየቀው ልጄ

ከሰሜን አልባኒያ ተራሮች
ለተከበሩ የመድኃኒት ኮሚሽን ሰብሳቢ

ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ ያላበጠ፣ ደረጃ ሲወጡም ምርኩዝ የማይሹ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ምሪከ እባላለሁ፤ ባለፈው መስከረም ከባልደረቦችዎ ጋር ቤቷ ያረፉባት መበለት ነኝ።

ከሁሉ በፊት ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ላስቀድም። የሃያ ዓመቱ ልጄ የንዱኤ ደም የማይረጋው በእኔ ዘር በኩል በመጣ በሽታ ነው። ወንድሜም በልጅነቱ ጥርሱ ወልቆ ሲደማ አድሮ ነው የሞተው። ሟቹ ባሌ ግን በሽታው ከእርሱ ወገን የመጣ፣ አያቱ በቂም ያፈሰሱት ደም ፍዳ ይመስለው ነበር። እኔ ከመንደሩ ነርስ በተዋስኩት መጽሐፍ ሄሞፊሊያ የተባለው ይህ በሽታ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚሻገር አነበብኩ፤ መጽሐፉን መለስኩ፤ ለእርሱ ግን ምንም አልተነፈስኩም። እንዲያ እንዳመነ ተቀበረ። እርስዎ ሲጠይቁ ዝም ያልኩትም ስለዚህ ነው። እኔው ላመጣሁት በሽታ እኔው መድኃኒት ለመለመን አፈርኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ የታማሚውን ምርጫ ለመስማት ያን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ ስለወጡ አመሰግናለሁ። ድሮ ሳይጠየቅ ይወሰንብን ነበር፤ ዛሬ ተጠይቀን ይወሰንብናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥያቄው አጭርነት አመሰግናለሁ። እቤቱ ራሱን በራሱ የሚወጋው መከላከያ መድኃኒት ይቀጥልለት እንደሆነ ወይስ ሲደማ ሆስፒታል መምጣት ይሻለው እንደሆነ ጠየቁት። ንዱኤም አንገቱን ደፍቶ፣ "ኧረ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ፤ ሲደማኝ እመጣለሁ" አለ። በዚሁ በሽታ ሁለት ጉልበቶቹ እንደ ግንድ ደርቀው የቀሩት ጎረቤታችን ዘፍ ደግሞ፣ "እኔማ አርጅቻለሁ ጌታዬ፤ ለልጆቹ ስጡ" አሉ። እርስዎም ጽፈው ብዕርዎን ከደኑ።

በእኛ አገር በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ስድ አደግ ይባላል። ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ወግ ነው፤ እሺታው በሦስተኛው ይመጣል። ይህን አያውቁም እንዳልል፣ ያን ዕለት አረቄያችንን ራኪን ሳቀርብልዎ፣ "ተይ እመቤቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አሉ፤ ደግሜ ስለምንዎ ሆድዎን አመካኙ፤ በሦስተኛው ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳልለምንዎ ራስዎ ቀድተዋል።

መኪናዎ ቁልቁል ሲሄድ ዘፍ፣ "ሰውዬው ለመጠጡ ሦስቴ ተለመነ፤ ለጉልበታችን አንዴ ጠይቆ ሄደ። ሂሳቡን የት ነው የተማረው?" አሉኝ።

ንዱኤ ሳቀ። "ይመለሳሉ አባባ፣ ጨዋ ሰው ይመስላሉ" አላቸው። እስካሁን ይጠብቅዎታል።

ሦስተኛ፣ የቤት መድኃኒቱ ከመጪው ወር ጀምሮ "በታማሚዎቹ ምርጫ መሠረት" እንደሚቆም የላኩልን ውሳኔ ደርሶናልና አመሰግናለሁ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ አለመድማቱም እንደ ማስረጃ ተጠቅሷል። ጣሪያው አላፈሰሰም ተብሎ ክዳኑ ሲነሳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በረዶ ከጣለ መንገዳችን እስከ ጸደይ ዝግ ስለሆነ፣ ደሙም እስከ ጸደይ እንዲታገስ በማኅተም የተደገፈ ትእዛዝ ቢጽፉለት ደስ ይለናል።

ምርጫውን ማወቅ ከፈለጉ ግን እኔ አውቀዋለሁ። አምና በመድኃኒቱ ብርታት ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኩዮቹ ጋር የሣር ድርቆሽ ተሸክሞ ገባ። ትከሻው በገለባ ተሸፍኖ ደጃፉ ላይ ቆመና፣ "እማ፣ ዛሬ ማንም 'አንተ ተቀመጥ' አላለኝም" አለኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም።

እንግዲህ ይመለሱና ይጠይቁት። እምቢ ይልዎታል። ደግመው ይጠይቁት።

የእርስዎን ጊዜ በማባከኔ የምጸጸት፣ ከራኪው ጠርሙስ ላይ የተረፈውን እስኪመለሱ የማቆይልዎ፣
ታዛዥዎ ምሪከ

ማስታወሻ፦ አንዱ ቅጂ በመንደሩ ዳቦ ቤት በር ላይ ይለጠፋል። የእርስዎን ወደ ከተማ ይዞ የሚወርደው ንዱኤ ነው፤ ፖስታውን አላሸግኩትም። ስለ ደሙ የጻፍኩትን ከእርስዎ ቀድሞ መንገድ ላይ እንዲያነበው ነው። ደብዳቤው ከዘገየብዎ ጉልበቱ ውስጥ ደምቶበት አብጦ መንገድ ላይ ተቀምጧል ማለት ነውና፣ ያኔ ስለ ምርጫው መጠየቅ አያስፈልግዎትም።