ማጨብጨብ ይበቃል

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አስናቀ፦ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከመቀሌ ንፋስ በቀር የነካን የለም፣ ተመስገን።

ባለቤቴ ሕሉፍ ከሠራዊቱ ከተመለሰ ወዲህ ሩጫ ይዟል። እግራቸውን ላጡ ጓደኞቹ ዊልቸር መግዣ እንዲሆን እስከ ውቅሮ ደርሶ መልስ ሊሮጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲለማመድ ውሃ ይዤ በባጃጅ እከተለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እዚህ ሯጭ ሲያልፍ «ኣጆኻ!» ይሉታል፤ የእኛ «አይዞህ» ማለት ነው። ሕሉፍ ይህን ሲሰማ ቀጥ ይልና ቦዩን ቦዩን እያየ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ማን ወድቆ ነው?» ይለኛል።

አሁን በባጃጁ እየቀደምኩ መንገደኛውን «በጭብጨባ ብቻ» እያልኩ እለምናለሁ። ለሩጫው ስትመጣ አንተም አጨብጭብለት። «አይዞህ» እንዳትለው፤ አማርኛውንም ያውቃል።

በሰላም ያገናኘን።
እህትህ ምንትዋብ