በርሜል ስለገባው የአባቴ ፊት

ለተከበሩ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን የሬጅስትራር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ፍጹም ጤና፣ በተለይም ከወንበርዎ ሳይነሱ ብዙ ዘመን የሚያቆይዎትን የወገብ ጥንካሬ እመኝልዎታለሁ። እኔ የቅርጻቅርጽ ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በምዝገባው ሰሞን መስኮትዎ ሥር እግሯ እስኪያብጥ የቆመች ባለ አረንጓዴ ሻርፕ አይተው ከሆነ፣ እኔ ነኝ። አላየሁሽም ቢሉም አልቀየምም፤ መጋረጃዎ ወፍራም ነው።

ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ በርዎን ማንኳኳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው። ለአዲሱ ሴሚስተር ስለመዘገቡኝ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ያልተመዘገበ ተማሪ ወርክሾፕ እንዳይገባ በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። በተቆለፈው በር ውስጥ፣ ቅርጽ በምሠራበት መቆሚያዬ ላይ፣ በጭቃ የሠራሁት የአባቴ ፊት ነበር። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ፎቶ መነሣት አይወድም፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ሰውዬ እንኳ እሱን አይመስልም። ለእኔ ግን ሕመሙን ችሎ እየመጣ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ «ጆሮዬን እንዳታሳንሺው፣ የስንቱን ተሳፋሪ ጭቅጭቅ የቻለ ጆሮ ነው» እያለ ሲያስቀኝ ከረመ። ሥራው አልቆ ጄሶ አፍስሼ ቋሚ ላደርገው ስል የትምህርት ቤቱ ጄሶ አለቀ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬው ለዕረፍት ወጣሁ። በዕረፍቱ አባቴ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ጄሶውን ራሴ ገዝቼ፣ ተሸክሜ መጣሁ።

ሁለተኛ፦ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ። ጭቃ ካልረጠበ ይሰነጠቃል፤ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነበር። የምዝገባ መስኮቷ እመቤት መጀመሪያ «ሲስተም የለም እናቴ፣ ነገ ነይ» አሉኝ። ነገ ስመጣ ሲስተሙ መጥቷል፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት እጄ ላይ እንደሌለ የሚመሰክረው ክሊራንስ ግን የለኝም። ክሊራንስ የሚፈረመው መቆሚያዬ ባዶ ሲሆን ነው፤ ባዶ ለማድረግ ወርክሾፕ መግባት አለብኝ፤ ለመግባት መመዝገብ አለብኝ፤ ለመመዝገብ ክሊራንስ ያስፈልገኛል። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ። እኛ የቅርጻቅርጽ ተማሪዎች እንዲህ ያለ መግቢያም መውጫም የሌለው ነገር ሠርተን አናውቅም።

ሦስተኛ፦ ጉዳዬን ስላፋጠኑልኝ። መኪናዎ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ደርሼብዎት፣ አባቴ እንደሞተብኝና ፊቱ ወርክሾፑ ውስጥ እንዳለ ነግሬዎት፣ በሩን ለአንድ አፍታ እንዲያስከፍቱልኝ ለመንኩዎት። «አይዞሽ፣ ጉዳይሽን አፋጥናለሁ» አሉኝ። ቃልዎን ጠበቁ። የሁላችንም ክሊራንስ ባንድ ላይ እንዲያልቅ መቆሚያዎቹ በሙሉ እንዲጸዱ አዘዙ። በትምህርት ቤታችን ጭቃ አይጣልም፤ የተተወ ሥራ ይፈርስና በርሜል ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ለሚቀጥለው ክፍልም ይታደላል። «ጋሼ መዶሻ» የምንላቸው የወርክሾፑ ሠራተኛ ዓይኔን ማየት አቅቷቸው፣ «ጨርቁን ስገልጠው ሰው ያየኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ምን ላርግ ልጄ፣ ትእዛዝ ነው» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ክሊራንሴ ተፈረመ። የመስኮቷ እመቤትም ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠርተው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ።

ትምህርት ሲጀመር ከዚያው በርሜል ጭቃ ታደለን። ግንባሩ ለማን፣ ጆሮው ለማን እንደደረሰ አላውቅም። ከጎኔ ያለችው ልጅ ድርሻዋን ጠረጴዛ ላይ ስትደበድበው ሳላስበው «ቀስ በይ!» ብዬ ጮህኩባት። «ምን ነካሽ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ ያለኝ ንዴት እንዲህ በቀላሉ አይወጣልኝም።

ለቅልጥፍናዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በሕጋዊ መንገድ የተመዘገብኩና መቆሚያዬ የጸዳ

ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ የዚህ ሴሚስተር ሥራችን ለአዳራሹ የሚሆን የኃላፊዎቻችን የፊት ቅርጽ ነው፤ በዕጣ የእርስዎ ፊት ለእኔ ደረሰኝ። አባቴን የሠራሁበት መቆሚያ ላይ፣ ከዚያው በርሜል በወጣ ጭቃ፣ አፍንጫዎን ጨርሻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም እርስዎን ይመስላል። ጄሶ አሁንም አልመጣም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬዎታለሁ። የሚቀጥለው ምዝገባ መቼ እንደሚጀመር ቢያሳውቁኝ።