ኩሬን ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ቻልሽ? እማዬ ዓይኗን ታክማ ተሻላት? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። ለሰው ብነግረው “ለውሻ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?” ብሎ የሚስቅብኝ ስለመሰለኝ ላንቺ ልተንፍሰው።

ከሦስት ወር በፊት ከስፌት ቤት ስመለስ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ካርቶን ውስጥ የተጣለ ቡችላ አገኘሁ። የአክስታችን ልጅ፣ ያው እኔው አምጥቼ ሥራ ያስገባኋትና ክፍሌን ያካፈልኳት፣ “ቤቱን ሊያገማው ነው” ብላ አኮረፈች። አከራያችን ደግሞ “ወለሌ ላይ አንዲት ጠብታ ካየሁ ሦስታችሁም ትወጣላችሁ” አሉ። እሱ ግን ገና ከመግባቱ አልጋዬ ሥር ሐይቅ ሠራ። ስሙን ኩሬ አልኩት።

ዘበኛችን ውሻ አሳድገው ስለሚያውቁ ዘዴውን ነገሩኝ። እንዳትመቺው፣ በልቶ ሲጨርስና ከእንቅልፉ ሲነቃ ወዲያው አውጪው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ውሰጂው፣ ያበላሸውን በኮምጣጤ እጠቢ፣ ሽታው ከቀረ እዚያው ይመለስበታል አሉኝ። እታለም፣ እንደ ሕፃን ነው የያዝኩት። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ፣ በምሳ ሰዓት ዳቦዬን እየገመጥኩ ስሮጥ ከረምኩ። ወለሉን እያሸተተ መዞር ሲጀምር ብድግ አድርጌ “በል እንውጣ” እያልኩ ጓሮ ካለው አሸዋ አደርሰዋለሁ። ሲጨርስ “እሰይ የኔ ጀግና!” ስለው ጭራው ሊበጠስ ይደርሳል። አሁንስ ለመደ ብዬ ደረቴን በነፋሁ ማግስት ጫማዬ ውስጥ ሸናልኝ። በስድስተኛው ሳምንት ግን ራሱ ሄዶ በሩን ቧጠጠ። እመኚኝ፣ አለቀስኩ።

ባለፈው ወር ከሥራ ስገባ ኩሬ የለም። ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል። የአክስታችን ልጅ ጥፍሯን እየቀባች፣ ቀና እንኳ ሳትል “ለአለቃችን ሰጠኋቸው፤ ንጽሕና የሚያውቅ ቡችላ ሲፈልጉ ነበር። አንቺም ከድካሙ ተገላገልሽ” አለችኝ። በማግስቱ አለቃችን ሠራተኛው ሁሉ ፊት “ትዕግሥት ከዚች ልጅ ተማሩ፣ ቡችላ እንኳ ሥርዓት አስተምራለች” ብለው አመሰገኗት። እሷም አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ሳምንት ሳይሞላ ቁልፍ ከምትተክልበት ተነስታ የክፍላችን ተቆጣጣሪ ሆነች። አሁን የኔን ስፌት እያገላበጠች የምታየው እሷ ናት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የገዛ ሥጋዬን በሰው ፊት ማዋረድ አቃተኝ።

ከዚያ ኩሬ የአለቃችን ሳሎን ምንጣፍ ላይ መሽናት ጀመረ። በር ቢቧጥጥ ነገሩ የሚገባው ሰው የለማ! “አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እያሹ ይገርፉታል” ብላ ነገረችኝ። አዝናለት እንዳይመስልሽ፣ ውሸቷ ሊወጣባት ስለሆነ ነው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ “ምን እያልሽ ነበር የምታስወጪው?” አለችኝ። ዝም ብላት ጉዷ ይወጣል፣ የኔም አንጀት ይርሳል። የሚገረፈው ግን እሱ ነው። ቃሉንም፣ ሰዓቱንም፣ ኮምጣጤውንም ነገርኳት። ወረቀት ላይ ጻፈችና ተነስታ ሄደች። ዱላው እንደቀረለት ሰምቻለሁ። ምስጋናውም እንደገና የእሷ ሆነ።

በሚመጣው ሳምንት ክፍል እቀይራለሁ። ዘበኛው አንዲት ጠባብ ቤት አግኝተውልኛል። ይህን ሁሉ ለአክስቴ እንዳትነግሪብኝ፤ በልጇ እድገት ደስ ብሏት ይሆናል። እኔ የፈለግኩት ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን እንዲያውቅልኝ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ አክብሮቴን ንገሪልኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚያቸው፤ ትልቋ እንዳታኮርፍ ከእሷ ጀምሪ። አክስቴንም ሰላም በይልኝ። ልጇም ስጽፍ አይታ “ሁሉንም ሰላም በይልኝ፣ በጣም ናፍቀውኛል በያቸው” ብላኛለች። ብላኛለችና ጽፌዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ከስፌት ቤቱ ማዶ፣ ከሦስተኛው ፎቅ
ግንቦት 14 ቀን