ከማሳዬ የሚወርደው ውሃ

ሐምሌ 8፣ ማለዳ
ድንቹን ኮትኩቼ ጨረስኩ። ወገቤ አልዘረጋ አለኝ። ለንስሐ አባቴ ያልተናዘዝኩትን ላንተ ልጻፈው፤ ደብተር አይቆጣ። ዩሪያ ማዳበሪያውን ከፍለህ ጨምር፣ ወዲያው አፈር አልብሰው ይላል የግብርና ባለሙያው። እኔ በየዓመቱ ባንዴ እበትነዋለሁ። ሐምሌ በዓሉ ብዙ፤ በበዓል ደግሞ አፈር አልነካም። ዘንድሮም በሥላሴ ዋዜማ በተንኩ። አፈር ሳላለብሰው በዓሉ ገባ። ዝናቡ ወረደበት። አብዛኛው በፈሰሱ ሄዷል። ፈሰሱን፣ የማሳውን ውሃ ማስወገጃ ማለቴ ነው፣ መንደሩ ወደሚቀዳበት ምንጭ የቀደድኩት እኔው ነኝ። ውሃ ከተኛበት ድንች ይበሰብሳላ።

ሐምሌ 12፣ ከቅዳሴ መልስ
ሚካኤል። እግሬ ከብዷል። ምንጩ ዳር አረንጓዴ፣ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይዟል። ከላይ ያሉት ከብት እያጠጡበት ነው ይላል ሰው። እኔም እውነት ነው እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ባለቤቴ ብትኖር ፊቴን አይታ ታውቅብኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የማፍረው ሰው የለኝም።

ሐምሌ 16
ጎረቤቴ ወለላ ልጇን ይዛ ከደ/ታቦር ሆስፒታል ተመለሰች። ጡቷ ደርቆባት ሕፃኑ የሚያድገው በምንጩ ውሃ በሚበጠበጥ የዱቄት ወተት ነው። የወሰዱት ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ውሃው ነው ብሏታል ሐኪሙ፤ ማዳበሪያ ገብቶበታል፣ ማፍላት አያጠፋውም። አፍልቼ አፍልቼ እንጨት ጨረስኩ ትላለች። አሁን ከከተማው ቦኖ ታመላልሳለች፤ ግማሽ ቀኗ ያልቃል። ስትደክም ከምንጩ መቅዳቷ አይቀርም።
ላጽናናት አፌን ስከፍት፣ «አያ ምትኩ፣ አንቱ ጸሎተኛው! እስቲ ለውሃው ዳዊት ይድገሙለት» ብላ ሳቀች።
የኔን ማሳ አላሰበችም። ወይስ አስባለች?

ሐምሌ 18፣ ከሰዓት
ነገ ገብርኤል። ቂርቆስ ከእናቱ ጋር ከፈላው ውሃ የዳነበት ቀን። ስንት ዓመት ሰማሁት። እዚህ ግን ውሃ አፍልታ ልጇን ማዳን ያልቻለች እናት አለች፤ ጎረቤቴ።
ፈሰሱን ሄጄ አየሁት። ከአፈሩ የቀረው ዩሪያም ዝናብ በጣለ ቁጥር ይወርዳል። ብደፍነው የታችኛው ድንች ይሰጥማል። የክረምት ጉርሴ ነው። ከበዓሉ በኋላ አደርገዋለሁ ብዬ ተመለስኩ። ሁልጊዜ ከበዓሉ በኋላ። ደከመኝ።

ሐምሌ 19
አስቀደስኩ። ስንወጣ የጉና ተራራ በደመና ጠቁሯል። ዶማዬን ይዤ ወደ ፈሰሱ ወረድኩ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ። ከቤ/ክ የሚመለሰው ሰው ቆመ።
«ምን ነካዎ አያ ምትኩ? በገብርኤል!»
ሌላው ሳቀ፤ ሚስት የሌለው ሰው ቀኑ ይጠፋበታል አለ። ወለላ ልጇን አዝላ ከመሃላቸው ናት። ከኔ ማሳ ነው የሚወርደው አልኳት፤ ልጅሽን ያሳመመው የኔ ማዳበሪያ ነው። ሁሉም ሰማ። እሷ ልጇን ሽቅብ አስተካክላ አዘለችና ዝናቡ ሳይይዛት ሄደች።
የፈሰሱን አፍ በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩት። ዝናቡ መጣ። የታችኛው ድንች ውሃ ተኛበት። ወደ ምንጩ የወረደ የለም።