የጋሽ ቀዳሚ ጎደሎ ከረጢት

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቀዳሚ እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከእህል ነጋዴ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል እንደደረሱ አባታቸው ስላረፉ ትምህርቱን ትተው የቤቱን ሸክም ተሸከሙ። በሰው ወፍጮ ቤት ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ክፍል የራሳቸውን ወፍጮ ተከሉ። በዓመቱ እናታችንን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ማታ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ሲገቡ እኛ ልጆቻቸው ኮታቸው ላይ በጣታችን ሥዕል እንስል ነበር፤ አንድም ቀን ተቆጥተውን አያውቁም።

ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰልፈኛው ነው። ማለዳ ወፍጮው ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚፈጨው ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ስንዴ ነበር። ከጎህ ጀምሮ ተራ የያዘው ሰው ይህን እያየ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት እሳቸውን አይመለከትም እያለ ያሽሟጥጥ ነበር።

የእናታችን ጥርጣሬ ግን ሌላ ነበር። ሙሉ ከረጢት ስንዴ ይዘው የወጡ ባል ማታ የሚመለሱት ጎደል ያለ ዱቄት ይዘው ነው። የወፍጮው ድንጋይ እንዲሳል በተወቀረ ሰሞን ደግሞ ዳቦው ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ደህና ደህናው ለማን ቤት ሄዶ ነው ለእኛ ጥራጊው የሚመጣው? የእናታችን ዓይን ያረፈው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ክር በምትሸጥ፣ ባሏ በሞተባት ሴት ላይ ነበር። የእሷ ዱቄት ሁልጊዜ ሞላ ያለ ይመስላቸዋል። ስንዴውንም ዱቄቱንም ሥጋ ቤት እየወሰዱ ማስመዘን ሲያበዙ ባለ ሥጋ ቤቱ «እትዬ፣ ዱቄቱን ነው ወይስ ባልዎን ነው የሚመዝኑት?» ብሎ ቀልዶባቸዋል። ታናሽ እህታቸውንም ክር ገዢ አስመስለው ለስለላ ልከዋል፤ አክስታችን ክር በክር ሆና ተመለሰች እንጂ ወሬ አላመጣችም። አባታችን ሲጠየቁ «ወፍጮ ነው እኮ፣ ይጎድላል» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም። እናታችን አጥብቀው ስለሚወዷቸው ነገሩ ያንገበግባቸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. አባታችን ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ሲገቡ ታላቅ እህታችን ወፍጮውን ተረከበች። የራስን ማስቀደም አድልዎ ነው ብላ ስለምታምን በመጀመሪያው ቀን ልማዱን አስቀረችው። የሰልፉ ፊተኛ ያቺው ክር ሻጭ ነበረች። ሴትየዋ ዱቄቷን አንስታ መዘነችና «አባትሽ እኮ አንድ ቀን አጉድሎብኝ አያውቅም» አለች። እህታችን ወፍጮውን ፈትታ ስታይ የጎደለውን ዱቄት አገኘችው። ማታ ተጠርጎ የሚያድር ወፍጮ ጠዋት የቀደመውን እህል በድንጋዩ ጥርስ ውስጥ ያስቀራል፤ ድንጋዩ ሲወቀርም ብናኙ የሚወጣው ከመጀመሪያው ዱቄት ጋር ነው። የቀደመ ይጎዳል፣ የተከተለ ሙሉ ይወስዳል።

እናታችን ይህን እንደሰሙ ሆስፒታል ሄደው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ የሰው ይቅደም ትዪኛለሽ። ያኔ ሰፈሩ ሌባ ይለኛል።»

«እና እኔ ስጠረጥርህ ልኑር?»

«አንቺ ብትጠረጥሪም ጥለሽኝ አትሄጂም ብዬ ነው።»

እናታችን ተቆጡ፣ አለቀሱም። እስኪመሽ ድረስ አኩርፈዋቸው፣ እጃቸውን ግን እንደያዙ ዋሉ።

አባታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንም ትተው ሄደዋል።

ይህን ጽሑፍ ስናነብላቸው እናታችን አንድ ነገር እንድንጨምር አዘዋል። ይህን ያህል ዘመን ዱቄት የደበቀ ሰው ሌላም ደግ ሥራ ሳይደብቅ አይቀርም ብለው ይጠረጥራሉ። እዚህ ከቆማችሁት መካከል አባታችን በስውር ያደረጉላችሁ ነገር ያላችሁ፣ ከቀብር መልስ ቤት መጥታችሁ ንገሯቸው። አይቆጡም። ስለ ባላቸው ገና ያልሰሙትን መስማት ናፍቀዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳይጠረጥር ይቀበልልን።