መታወቂያው እስከ ዓርብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ትምህርት ቤት ዋልኩ። ስመለስ እማዬ ስልክ ጨብጣ ቆማለች። ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ መሥሪያ ቤት ደውለው ነው። ፋይሉ እንዲዘጋ የሥራ መታወቂያው እስከ ዓርብ ይመለስ አሉ።

ፋይሉ ይዘጋ... ወንድሜ ከሞተ ገና ሰባት ሳምንቱ።

መታወቂያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። «ከመመለሱ በፊት በስልክህ አንሳልኝ። በትልቁ አሳጥቤ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

ሌላ ፎቶ የለንም። የልጅነቱ አለ። ካደገ በኋላ ግን ካሜራ ሲያይ እንደ ድመት ሾልኮ ይጠፋ ነበር። የራሱ ስልክ በሞተበት አደጋ አብሮት ደቀቀ። እኔ ጋ ሦስት አሉ። ሁለቱ ጀርባው። አንዱ ጭስ የመሰለ።

የአንድ ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር። አነሳሁት። ፊቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ብልጭታ ብቻ። ፍላሹ መታወቂያው በተለበጠበት ፕላስቲክ፣ ላሚኔቱ ላይ ፈነጠቀ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አነሳሁ። ፍላሹን ሳጠፋ ደበዘዘ። በጣቶቼ ስክሪኑን ጎትቼ ሳቀርበው ፊቱ ጠጠር ጠጠር ሆነ። አምፖል ሥር ስወስደው አምፖሉ ግንባሩ ላይ በራ። ሳሎን... ጓዳ... ደግሞ ሳሎን።

«ኧረ በሕግ! ምን እንደ እንዝርት ትሾራለህ?» አለች እማዬ።

አንድ ፊት ማንሳት እንዲህ ይከብዳል? ደግሞ እኮ አይነቃነቅም...

ለምን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛ ሥር ሳነሳ ተያዝኩ። ቲቸር ስልኬን ነጠቁኝ። «የማን ፎቶ ነው? የእጮኛህ ነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ መታወቂያውን አዩት።

ደወል ሲደወል አስቀሩኝ። የስልኬን ሌንስ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት።

«በዚህ ሁሉ ቅባት ማንን ልታይ ነው? ትናንት ምን አስተማርኩ?»

«ብርሃን... በመጣበት ማዕዘን ይመለሳል።»

«ታዲያ ከብርሃኑ ጋር ፊት ለፊት ምን ያጋፍጥሃል? መስኮት አጠገብ አጋድመው። ብርሃኑ በጎን ይምጣ። አታጉላ፣ ራስህ ተጠጋ። አንተም ላሚኔቱ ላይ ትታያለህና በጥቁር ጨርቅ ተከለል። ሌንሷ ብቻ በቀዳዳ ትውጣ።»

«እሺ ቲቸር።»

በር ላይ ስደርስ፣ «ወንድምህንም አስተምሬዋለሁ» አሉ። «እሱም አይሰማኝም ነበር።»

መሳቅ ፈልጌ ነበር። እምቢ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ደመና። ቀኑን ሙሉ። ነገ ዓርብ ነው... ይሄን ሰማይ ምን አደረግኩት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት ፀሐይ ወጣች። የእማዬን አሮጌ ጥቁር ሻሽ በመቀስ ቀደድኩት። አየችኝ።

መታወቂያውን መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ አጋደምኩ። ሻሹን ተከናንቤ፣ ሌንሷን በቀዳዳው አውጥቼ፣ ክንዶቼን ከጎኔ አጣበቅኩ። እንዲያጠራው ዓይኑ ላይ ስክሪኑን ነካ... ትንፋሽ ያዝ... አሁን። ሠላሳ አንድ ጊዜ። አንዷ ጠራች! ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር። ሌሎቹን ሁሉ አጠፋኋቸው፣ ዳግም እንዳላያቸው። ከስልኩ ቆሻሻ መጣያ ጭምር።

ከትምህርት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አስፈረሙኝና መቀስ አነሱ።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ደንብ ነው የኔ ልጅ። ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ።»

ፊታቸውን አዙረው ቆረጡት። መሀል ለመሀል። ቀጭ አለ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ወጣሁ። ግድ የለም፣ እኔ ጋ አለ... እኔ ጋ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ፎቶ ቤት። ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩ ላይ አጎላው። «ጎረምሳው፣ እጅህ ይባረክ!» ከዚያ ምስሉ ላይ ወደ ታች ወረደ። ቆመ።

«ይሄ ማነው?»

በጋሼ ጥቁር ጃኬት ላይ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር... አንድ ጆሮ። ግማሽ ግንባር። የኔ። ሻሹ ተንሸራቶ ኖሯል። እንዴት አላየሁም? የሱን ፊት ብቻ ነበራ የማየው።

«ጥቁር ላይ ነው ነጸብራቅ የሚወጣው» አለኝ። «ሰው ሁሉ መሀሉን ነው የሚያየው፣ ጠርዙን ማን ያያል? አይዞህ፣ አጠፋዋለሁ። ጃኬቱን ግን በግምት ነው የምሞላው።»

በግምት? ሌሎቹን አጥፍቻለሁ። መታወቂያው ተቆርጧል። «እናቴን ላምጣት» ብዬ ሮጥኩ። ግን ቤት ስደርስ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

እሑድ፣ ጥቅምት 10

አልነገርኳትም። ግቢውን ስንት ጊዜ ዞርኩት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

«መጥተሽ እዪው» ብቻ ብያት አብረን ሄድን። ፎቶ አንሺው ወንበር አቀረበላት። ፊቱን ሲያሳያት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ከስቶ ነበር ለካ... እያየሁት ከስቶ ነበር።»

ፎቶ አንሺው ጠበቃት። ከዚያ፣ «እናቴ፣ ይቺን ጥላ ላጥፋት?»

«የቷን?»

በጣቱ አሳያት።

«እኔ ነኝ እማዬ» አልኩ። «አበላሸሁብሽ። ሌላም የለም።»

ጎንበስ ብላ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ዞራ ጆሮዬን አየች። ከዚያ ፎቶ አንሺውን።

«አንዱን አጥፍቼ አንዱን ልስቀል?»

እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ።

ቤት ወንበር ላይ ወጥቼ ምስማሩን መታሁ። «ወደ ግራ... ኧረ ወደ ግራህ! ግራህን አታውቅም?» ትለኛለች ከታች። ሰቀልነው። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እራት ልታቀርብ እስክትነሳ ድረስ አልተነሳሁም።